ዱባይ በቪዚት ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። በሆቴል ማኔጅመንት ተመርቄ አራት ዓመት ሪሴፕሽን ላይ ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ ግን ከቤት ኪራይ አያልፍም። ዱባይ ያለች አብሮ አደጌ «በቪዚት (በጉብኝት ቪዛ) ነይ፣ በወር ውስጥ ሥራ ታገኛለሽ፣ እስከዚያ እኔ ጋ ታድሪያለሽ» አለችኝ። አንድ ደላላ ደግሞ ቪዚቱ እዚያ ስደርስ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየራል ብሎ ለሁለቱም ገንዘብ ጠይቆኛል። እናቴ እቁብ ወጥቶላት ልትሰጠኝ ነው። ሥራም ቤትም ሳይኖረኝ መሄዴ እብደት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።

መልስ፦ እብደት አይደለም እህቴ። እኔም ዱባይ የገባሁት በቪዚት ነው፤ ሥራም አግኝቼ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ግን አሁን ባለሽበት ሁኔታ ትኬት አትቁረጪ። መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጣራ፦ አልጋውና የደላላው ብር።

ከአልጋው ልጀምር። ጓደኛሽ የት ነው የምታድረው? ይህን ጠይቀሻታል? ሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ ማዳሟ ቤት እንግዳ ማሳደር አትችልም። ካምፓኒ ውስጥ ከሆነችም የሠራተኛ ማደሪያው ዘበኛ አለው፣ እንግዳ አያሳድርም። እኔን የጋበዘችኝ ልጅ ክፉ አልነበረችም፣ ከልቧ ነው የጠራችኝ፤ ግን የምትኖረው ካምፓኒ ውስጥ ስለነበር አራት ሌሊት ተደብቄ አድሬ በአምስተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ ዴይራ የሚባለው የዱባይ ሰፈር ውስጥ ቤድ ስፔስ ፍለጋ ወጣሁ። ቤድ ስፔስ ማለት አንድ ክፍል ውስጥ አንዲት አልጋ መከራየት ነው። እኛ ክፍል ስምንት ነበርን፤ ለአልጋዋ በወር 700 ድርሃም እከፍል ነበር፣ ዛሬ ከዚያ በላይ አስቢ። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ሰኔ ወር ላይ የዱባይ ማዘጋጃ ቤት እንደ ሪጋ፣ ሙራቀባት፣ ሳትዋና በርሻ ባሉ ሰፈሮች ያለፈቃድ በፓርቲሽን (በቀጭን ግድግዳ) የተከፋፈሉ ቤቶችን ማፍረስ ጀምሯል። ስለዚህ ርካሽ አልጋ አግኝተሽ ገብተሽ እንኳ በሳምንቱ ውጪ ልትባዪ ትችያለሽ።

ሁለተኛው ደላላው ነው። ግማሹን እውነት ነው የነገረሽ። አዎ፣ ቪዚት እዚያው አገር ውስጥ ሆነሽ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየራል። የሚያስቀይረው ግን ቀጣሪሽ ነው፤ መጀመሪያ ኦፈር ሌተር (የቅጥር ስምምነት ደብዳቤ) ትፈርሚያለሽ፣ ድርጅቱ ከኤምሬትስ ሥራ ሚኒስቴር ፈቃድ ያወጣል፣ ከዚያ የጤና ምርመራና ኤምሬትስ አይዲ (የነዋሪነት መታወቂያ) ይከተላል። የዚህን ሁሉ ወጪ የሚሸፍነው ቀጣሪው ነው፤ የኤምሬትስ ሕግ ከሠራተኛው ላይ የቅጥር ወጪ መቀበልን ይከለክላል። ታዲያ አዳማ ተቀምጦ ብር የሚጠይቅሽ ሰውዬ የምን ሒሳብ ነው የሚቀበልሽ? በእኛ አገር ሕግም ቢሆን ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረውና ውሉን ሊያጸድቅ ይገባል፤ በቪዚት እየላከ አስቀጥራለሁ የሚል ሰው ከዚያ ውጭ ነው። የእናትሽን እቁብ ለእሱ አትስጪ፣ እባክሽ።

እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ ግን ቀኑን ቁጠሪ። ቪዚት የ30 ወይም የ60 ቀን ነው። የ60ውን ያዢ፤ በ30 ቀን ሥራ ያገኘ ሰው አይቻለሁ፣ በጣም ጥቂት ነው። ቪዛው ካለቀ በኋላ በየቀኑ 50 ድርሃም ይቆጠርብሻል፣ በወር 1,500 ማለት ነው። ብዙ እህቶቻችን የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ቅጣቱ ሲጠራቀም ለመውጣትም ገንዘብ ይጠፋል፤ ያኔ ያገኙትን ማንኛውንም ሥራ በማንኛውም ክፍያ ይቀበላሉ። ስለዚህ የመመለሻ ትኬትሽ ያልተነካ ይሁን፤ በ50ኛው ቀን የተፈረመ ኦፈር ሌተር ከሌለሽ ተመለሺ። መመለስ ነውር አይደለም።

በቪዚት መሥራት ክልክል ነው። «ለሙከራ ጥቂት ቀን ሥሪልን» ይሉሻል። እኔ አንድ ሬስቶራንት 11 ቀን ሠርቼ ሳንቲም ሳይሰጡኝ አሰናብተውኛል፤ ፈቃድ ስላልነበረኝ ለመክሰስም ፈራሁ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ፈቃድ የሌለውን ሰው የሚያሠራ ቀጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል፤ ስለዚህ ደህና ሆቴል እንዲህ አይልሽም። የሚልሽ ካለ ውጪ። ፓስፖርትሽንም ለማንም አታስይዢ፣ ቀጣሪ እንኳ መያዝ አይፈቀድለትም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዱባይ ኤርፖርት 3,000 ድርሃም፣ የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማስረጃ አሳይ ሊሉሽ ይችላሉ። በእኔ ግምት ከ5,000 በታች ይዘሽ አትነሺ፤ ሁለት ወር ኪራይ፣ ምግብና ሜትሮ ነው።

አንቺ ደግሞ የአራት ዓመት ልምድ አለሽ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቻችን ባዶ እጃችንን ነው የሄድነው። ዲግሪሽን አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይና በኤምሬትስ ኤምባሲ አረጋግጪ፣ እዚያ ከሄድሽ በኋላ በውክልና ማስጨረሱ ጣጣ ነው። ሲቪሽን ከአሁኑ ለሆቴሎቹ በየድረ ገጻቸው ላኪ። ሐምሌ ላይ አትሂጂ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ቅጥርም ይቀዘቅዛል። የቱሪስቱ ወቅት ከመግባቱ በፊት፣ መስከረም ላይ ብትደርሺ ይሻላል።

ዛሬ ማታ ለጓደኛሽ በቪዲዮ ደውዪና የማድርበትን አልጋ አሳዪኝ በያት። ካሳየችሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ሲቪሽን አብረን እናየዋለን።