ጾመኛ ነኝ፣ ኮሌስትሮሉ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 56 ነው፣ ፒያሳ ሱቅ አለኝ። በሕማማት ሰሞን ደሜን ተመርምሬ ኤልዲኤል የሚሉት «መጥፎ» ኮሌስትሮል 168፣ ትራይግሊሰራይድ የሚሉት የደም ስብ 240 ደርሷል፣ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ሁዳዴን ሙሉ ቅቤም ሥጋም እንቁላልም አልቀመስኩም! ላብራቶሪው ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ላብራቶሪውን ቶሎ አንውቀሰው። ኮሌስትሮልን በአብዛኛው የሚሠራው የራስዎ ሰውነት ነው፣ በተለይ ጉበት። ደግሞም ያስፈልገናል። ሐሞት፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖች፣ ቫይታሚን ዲ የሚሠሩት ከእሱ ነው። ጣጣው የሚመጣው ኤልዲኤል በዝቶ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ መጠራቀም ሲጀምር ነው።

ወደ ጾሙ እንምጣ። ቅቤው ቀረ፤ እሺ፣ በምን ተተካ? ምሳ የሚበሉበት ቤት በያይነቱ ሲመጣልዎ ሽሮውን ልብ ብለው ይዩት። ዳር ዳሩን ዘይት ከቦታል፣ ምስሩም ያው ነው፣ ሲነሳ ከሥሩ ያለው እንጀራ በዘይት ርሶ ያብለጨልጫል። ብዙ ቦታ ይህ ዘይት የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ፓልም ተክል ስለሆነ ኮሌስትሮል የለውም፣ ግን ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ (እንደ ቅቤ የሚረጋው ዓይነት) ነው፤ ይህ ስብ ሲበዛ ደግሞ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ የመልቀም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ኮሌስትሮል ሳይበሉ ኮሌስትሮል ይጨምራል ማለት ነው። ኑግ በአንጻሩ ከግማሽ በላዩ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የማይረጋ ስብ ነው፣ በሳቹሬትድ ስብ ቦታ ሲገባ ኤልዲኤልን ይቀንሳል። በካሎሪ ግን አይበላለጡም፤ ስብ ሁሉ በግራም 9 ካሎሪ ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ገደማ። ወጥ ሠሪዋ በጭልፋ እንጂ በማንኪያ እንደማትለካ እኔም እርስዎም እናውቃለን።

ትራይግሊሰራይዱ ሌላ ታሪክ ነው። እሱን ብዙ ጊዜ ከፍ የሚያደርገው ስኳር፣ ነጭ ዱቄትና አልኮል ነው። ጉበት የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ይለውጠዋል። ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ከሰዓት ለስላሳ፣ ቁርስ ዳቦ በማርማላታ... ሁሉም የጾም ነው፣ ምን ያደርጋል! በባዶ ሆድ ካልተመረመሩም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ምግብ ሳይቀምሱ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ቆይተው ይድገሙት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አይቀየሙኝና። ተፈልቶ በወረቀት ሳይጠለል የሚጠጣ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለው፣ ሲበዛ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ቡና ተዉ ማለቴ አይደለም (ማን ይሰማኛል?)፣ ግን ጠዋትም ቀትርም ማታም ከአቦል እስከ በረካ የሚሉ ከሆነ ቀነስ ያድርጉ። በምትኩ ገብስ ይልመዱ፤ ቆሎውም፣ ስኳር ያልበዛበት በሶውም። ገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር ኤልዲኤልን በመጠኑ ይቀንሳል።

ሐኪምዎን ሲያገኙ ቤተሰብ ውስጥ ዕድሜው ሳይገፋ በልብ ሕመም የተያዘ ካለ ይንገሩት፣ የስኳርና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራም ይጠይቁ። ታይሮይድ ሲዳከም ኤልዲኤል ይጨምራል። መድኃኒት ካዘዘልዎ «በምግብ አስተካክለዋለሁ» ብለው በራስዎ እንዳያቆሙት።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ዘይት እንደምታውቁት ተወዷል። ስንት ጊዜ ደጋግሜ ብጠብስበት ነው የሚጎዳው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ያህል ጊዜ ብዬ ቁጥር ብሰጥሽ እዋሻለሁ። ዘይቱን እይው። ከጠቆረ፣ ሳምቡሳው ሲገባ የማይከስም አረፋ ካነሳ፣ ቶሎ መጨስ ከጀመረ ወይም የመጥበሻው ጠርዝ ላይ እንደ ሙጫ ከተጣበቀ አብቅቶለታል። ያኔ ስቡ በሙቀትና በአየር ተሰባብሮ አልዲሃይድ የሚባሉ መጥፎ ነገሮች ፈጥሯል። በአዲስ ዘይት «ማደስ» የሚባለው ነገር አይሠራም፣ አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። ለጋሼ ያመሰገንኩት ኑግ ለመጥበሻሽ አይሆንም፣ ሊኖሌይክ አሲዱ ለከፍተኛ ሙቀት ስስ ነው። የሱፍ ዘይትም በአብዛኛው እንደዚያው። ፓልም እሳት ይችላል፣ ለደንበኛሽ ልብ ግን ደግ አይደለም። እኔ ብሆን ፓልሙን ለመጥበሻ እተወዋለሁ፣ ሙቀቱን ከ180 ዲግሪ አላሳልፍም፣ ማታ ማታ ፍርፋሪውን በጨርቅ አጠልላለሁ፣ ቤት ወጥ ውስጥ ግን አላስገባውም። ያረጀውን ፍሳሽ ውስጥ አትድፊው፣ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

ጥያቄ፦ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል የተጻፈበት ዘይት ከሌላው ይወደዳል። ብሩ ያዋጣል?

መልስ፦ ለጽሑፉ ከሆነ አያዋጣም። ማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፣ የሚረጋውም ጭምር። ጀርባውን ገልብጠሽ ሳቹሬትድ የሚለውን ቁጥር አንብቢ። ማርጋሪን ከሆነ ደግሞ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ካለ መልሰሽ አስቀምጪው፤ ትራንስ ስብ የሚባለው ልብን የሚጎዳ ስብ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከቀን ካሎሪያችን ከ1 በመቶ በታች ይሁን ይላል።