ልጄ የሞተር ተወዳዳሪ ልሁን አለኝ ለምትሉ ውጭ ሀገር ላላችሁ ወገኖቼ

ሰላም ወገኖች፣ ድሬ ከተመለስኩ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ከዛ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ጣልያን ሪሚኒ አካባቢ ነው የኖርኩት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሰራሁትም ሞተር ጋራዥ ውስጥ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከውጭ ለእረፍት የሚመጡ ቤተሰቦች ከዚራ ጥላ ስር ሻይ ስጠጣ ያገኙኝና አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ "ልጁ ሞተር ሞተር ብቻ ሆኗል፣ ተወዳዳሪ ካልሆንኩ ብሎ አስቸገረን፣ ምን ይሻላል?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ግማሽ ግማሹን ከምነግር አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የእህቴ ልጅ በዚህ መንገድ ሄዷል፣ እኔም ጎማ እየገፋሁ አብሬው ስለዞርኩ የማወራችሁ ያየሁትን ነው።

ከሁሉ በፊት እንድትሰሙኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፣ ልጁ ላይ የቤተሰብ ዕዳ አትጫኑበት። ሌላው ሁሉ፣ ጎማውም ኮንትራቱም፣ በኋላ ይደረስበታል።

የኛ ልጅ የጀመረው በዘጠኝ ዓመቱ በሚኒሞቶ፣ በትንሿ የልጆች ውድድር ሞተር ነው። የምንኖርበት ሮማኛ የሚባለው አካባቢ ህዝቡ በሞተር ያበደ ነው፣ ታዋቂው ተወዳዳሪ ቫለንቲኖ ሮሲ ያደገባት ታቩሊያ ቅርብ ናት፣ ሚዛኖ ፒስታም (ፒስታ የምለው የውድድር ሜዳውን ነው) እዛው ነው፣ በ2011 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ማሌዥያ ሴፓንግ ላይ ሲወዳደር በሞተው በማርኮ ሲሞንቼሊ ስም ነው የሚጠራው። ልጁ ጎበዝ ነበር፣ እውነት ለመናገር በጣም ጎበዝ ነበር፣ ፍሬን አያያዙ ልዩ ነው ይሉ ነበር አሰልጣኞቹ። ችግሩ ወሬው ድሬ ደረሰ። ሳቢያን ያለው የእናቴ ቤት ውስጥ ፎቶው ተሰቀለ፣ ዘመድ በሙሉ "ልጃችን ሚሊየነር ሊሆን ነው" ማለት ጀመረ፣ የአክስቱ ልጆች ስልክ ላክልን ይሉታል፣ እናቴ ደሞ አንድ ቀን በቪዲዮ ስታወራው ጣራው ያፈሳል ብላ እንዲሁ እንደ ወግ ነገረችው፣ እሱም "እማማ ቆይ፣ እኔ አዲስ ቤት እሰራልሻለሁ" አላት። ያኔ 17 ዓመቱ ነው፣ ከውድድር አንድ ሳንቲም አላገኘም፣ እንደውም አባቱ ዕቁቡን በሙሉ ጎማ ላይ ነበር የሚያፈሰው። እኛ ሳቅን፣ ቃሉን ግን ልጁ የምሩን ነበር የሰጠው።

ከዛ ወደቀ። ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው፣ ከፒት፣ ሞተሩ ከሚዘጋጅበት ቦታ፣ ወጥቶ ሁለተኛው ዙር ላይ። ጎማ ከመውጣቱ በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይሞቃል፣ ግን ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ኩርባ የሚበዛበት ፒስታ ላይ የግራው ጎን ስራ ስለሚያንሰው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የመጀመሪያውን የግራ ኩርባ ሲገባ ከስሩ ሸሸበት። ከአንገትና ከትከሻው መሃል ያለችው አጥንት ተሰበረች፣ ብረት ገባላት። በአስረኛው ቀን ቡድኑ ደወለ፣ ስሙን አልጠራም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ካልነዳህ ስፖንሰር ይዞ የሚመጣ ሌላ ልጅ አለ አሉት። ልጁ "ድኛለሁ" አለ። ለሀኪሙም ድኛለሁ አለ፣ እጁን አነሳ አወረደ፣ ሀኪሙም ጥሩ ነው አለ።

እሁድ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል፣ ልጁ እኔ ልቅዳ ብሎ ተነሳ። ጀበናውን በግራው አነሳ፣ ፍሪሲዮን የሚይዝበት እጅ ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን ሲኒ ሞላ፣ ሁለተኛው ላይ የጀበናው አፍ ከሲኒው ጠርዝ ጋር ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፣ ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ፣ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ሊቀጥል ነው። እህቴ ተነስታ ጀበናውን ከእጁ ተቀበለችና "አትሄድም" አለችው፣ በቃ ሌላ ቃል የለም። አለቀሰ፣ በሩን ዘግቶ ሁለት ቀን አላናገረንም፣ ቡድኑም ቦታውን ለሌላ ሰጠበት። ከወራት በኋላ ነው ለኔ የነገረኝ፣ "አጎቴ፣ እኔ እኮ ስለ ውድድሩ አልነበረም፣ ለእማማ ቤት ቃል ገብቼ ነው" አለኝ። እስከዛሬ ሳስበው ያመኛል፣ ምክንያቱም ያንን ሸክም የጫንበት እኛ ነን።

ይሄ የኛ ልጅ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፣ ትልልቆቹም በዚህ ተጎድተዋል። ስፔናዊው ሆርሄ ሎሬንዞ በ2013 ሆላንድ አሰን ላይ ይቺኑ አጥንት ሰበረ፣ ባርሴሎና በረረና ብረት ተገባለት፣ ተመልሶ ቅዳሜ ተወዳደረና አምስተኛ ወጣ፣ ዓለም አጨበጨበለት። በሚቀጥለው ውድድር ጀርመን ላይ እንደገና ወድቆ ብረቱ ተጣመመ፣ ያ ውድድር አመለጠው፣ በዓመቱ መጨረሻ ሻምፒዮናውን ያጣው በ4 ነጥብ ነው። ያሸነፈው ማርክ ማርኬዝ ነበር፣ እሱም በተራው በ2020 ስፔን ሄሬዝ ላይ የቀኝ ክንዱን አጥንት ሰበረና ማክሰኞ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ቅዳሜ ሞተር ላይ ወጣ። ብረቱ ቤቱ እያለ ተሰበረ፣ ዓመቱ በሙሉ ጠፋ፣ ክንዱ እስከ 2022 ድረስ በድምሩ አራት ጊዜ ተቀደደ፣ ከ2019 በኋላ ደግሞ ሻምፒዮን ለመሆን እስከ 2025 መጠበቅ ነበረበት። እሱ ደሞዝ አለው፣ የራሱ ሀኪሞች አሉት። የናንተ ልጅ ያለው እናንተን ነው፣ ስለዚህ ቁም የሚል ሰው ቤት ውስጥ ይኑር፣ ያ ሰው ደሞ ከውድድሩ ገንዘብ የማይጠብቅ ይሁን።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ። የመጨረሻው ትልቁ ክፍል ሞቶጂፒ ላይ በ2025 የነበረው የነጂ ቋሚ ቦታ 22 ነው፣ ለመላው ዓለም። ከሱ በታች ያሉት ሞቶ3 እና ሞቶ2 ላይ ብዙ ልጆች ደሞዝ ከመቀበል ይልቅ ስፖንሰር ይዘው ነው የሚገቡት፣ ከዛም በታች ከቤተሰብ ኪስ ነው። ስለዚህ ሀገር ቤት ያለውን ቤት አትሽጡ፣ አታስይዙም፣ ዕቁባችሁን ብትሰጡት እንኳን እንደ ትምህርት ቤት ክፍያ ቁጠሩት እንጂ ይመለሳል ብላችሁ አይሁን። ለሀገር ቤት ዘመድም ቀድማችሁ ንገሩ፣ "ልጁ ገና እየከፈለ ነው የሚነዳው" በሉ፣ አያፍርም እናንተም አታፍሩም።

መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ይሄን ብዙ ወላጅ አያውቅም። ሁሉም ቀጥታ ሞቶ3 ነው የሚያስበው፣ እዛ ያለው ሞተር ለውድድር ብቻ የተሰራ 250 ሲሲ ስለሆነ ወጪው ሌላ ነው። ከሱቅ በሚገዛ ሞተር የሚካሄድ ውድድር ደሞ አለ፣ ቀለል ይላል። ጣልያናዊው ፍራንኮ ሞርቢዴሊ እናቱ ብራዚላዊት ናት፣ በዛው መንገድ መጥቶ በ2013 ሱፐርስቶክ 600 የሚባለውን የአውሮፓ የሱቅ ሞተር ውድድር አሸነፈ፣ በ2017 ሞቶ2 ሻምፒዮን ሆነ። ቱርኩ ቶፕራክም በ2015 ያንኑ ሱፐርስቶክ 600 ወስዶ ነው ወደ ላይ የወጣው፣ የሱቅ ሞተር ውድድር ትልቁን ክፍል፣ ሱፐርባይክን፣ በ2021፣ በ2024 እና በ2025 አሸንፏል፣ ከኋላው ደሞ የሀገሩ ልጅ ኬናን ሶፎግሉ ነበር፣ ራሱ ከሱፐርባይክ በታች ባለው በሱፐርስፖርት አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረ ሰው። እኛ እንዲህ አይነት ታላቅ ወንድም በዚህ ስፖርት የለንም፣ ለዛም ነው እርስ በርስ መነጋገር ያለብን። ከአፍሪካ ደሞ ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ቢንደር አለላችሁ፣ በ2016 ሞቶ3ን ወሰደ፣ በ2020 ቼክ ብርኖ ላይ በትልቁ ክፍል አሸነፈ፣ ስለዚህ አይቻልም አልልም።

እድሜውን አታቻኩሉ። በ2021 ብቻ ሶስት ልጆች ፒስታ ላይ ሞተዋል፣ ዱፓስኪየር 19፣ ሁጎ ሚያን 14፣ ዲን ቤርታ ቪንያሌስ 15 ዓመታቸው ነበር። ከዛ በኋላ ነው ለዓለም ሻምፒዮና መግቢያው እድሜ ከ2023 ጀምሮ በመደበኛው 18 የተደረገው። እኔ ይሄን የምጽፈው ልታስፈራሩት አይደለም፣ ዓመት ቆየ ብላችሁ እንዳትጨነቁ ነው።

ስለ ምግብም ልበል፣ ሞቶ3 ላይ ነጂና ሞተር አንድ ላይ ሲመዘኑ ከ152 ኪሎ መውረድ የለባቸውም፣ ከሱ በላይ ያለው ኪሎ ግን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ያዘገያል፣ ስለዚህ ረዣዥም ልጆች ሳይበሉ ያድራሉ። ልጃችሁ እንጀራውን ሲገፋ ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ ሀኪም ጋር ውሰዱት፣ ቁመቱ ካልፈቀደ ትልቅ ሞተር ያለበት ክፍል ይሂድ።

ኢንሹራንስ ስትገዙ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ አብዛኛው ተራ ኢንሹራንስ ውድድርን አይሸፍንም። ኮንትራት ላይ ልጁ ቢሰበር ቦታው ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠበቅለት ሳይጻፍ አትፈርሙ፣ እኛ ያልጠየቅነው ይሄንን ነው። ትምህርቱንም አያቋርጥ። ሄልሜትና ኤርባግ ያለው ቱታ ላይ ግን ሁለተኛ እጅ ብላችሁ አትቆጥቡ፣ አንዴ የወደቀ ሄልሜት ላዩ ደህና ቢመስልም ውስጡ አልቋል።

በመጨረሻ ለእረፍት ይዛችሁት ስትመጡ። ከድሬ ሀረር ስትወጡ ደንገጎን ልጁ ሲያይ አይኑ ይበራል፣ የኛ ልጅም "አጎቴ ይሄ እኮ ፒስታ ነው" ብሎኛል፣ ኩርባው ቆንጆ ነው አይካድም። ግን ጠርዙ ላይ ጠጠር አለ፣ ፍየል ድንገት ይገባል፣ ከአወዳይ የሚወርደው የጫት መኪና ሰዓት እንዳያልፍበት ነው የሚበረው፣ ኩርባውን መሃል ይዞ ነው የሚመጣው። ፒስታ ላይ ስትወድቅ ከፊትህ ሰፊ ጠጠር ሜዳ አለ፣ ደንገጎ ላይ ገደል ነው። ሞተር ተከራይቶ እንዳይወጣ፣ በመኪና ውሰዱት፣ ሀረር ጀጎልን አሳዩት፣ ፈቲራ ብሉ፣ ተመለሱ።

የእህቴ ልጅ ዛሬ 23 ዓመቱ ነው፣ በሱቅ ሞተር ጣልያን ውስጥ ይወዳደራል፣ በሳምንቱ ቀን ጋራዥ ይሰራል፣ ትከሻው ድኗል። የእናቴን ጣራ እኔና እህቴ አሰራነው፣ ቆርቆሮው ሲመታ ቪዲዮ ልከንለታል። የልጃችሁን ኮንትራት ጣልያንኛ ሆኖ የተቸገራችሁ ካላችሁ በክረምቱ ይዛችሁ ኑ፣ ጠዋት ጠዋት ከዚራ ነኝ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።