ኒክስ ቲቦዶን ለምን አሰናበተ? የኤንቢኤ አሰልጣኞች ክረምት እንዴት እንደሚሠራ

ወንድማችን የለጠፈው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ኒውዮርክ ኒክስን ከ25 ዓመት በኋላ ለምሥራቅ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ያበቃ አሰልጣኝ በተሸነፈ በሦስተኛው ቀን ይባረራል? ደግሞስ በየክረምቱ ይህ ሁሉ አሰልጣኝ የሚቀያየረው በምን ስሌት ነው?» መልሱ ረዘም ይላል። የማወራው ስለ ኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) 2024-25 ውድድር ዘመንና እሱን ተከትሎ ስለመጣው ክረምት ነው፤ ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ስንብቱን ባሸነፈውና በተሸነፈው ጨዋታ ብዛት ለመተርጎም ስንሞክር ነው። የኒክሱ አሰልጣኝ ቶም ቲቦዶ በመደበኛው ውድድር 51 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ማይክል ማሎን ከዴንቨር ሲሰናበት 47 ለ 32 ላይ ነበር፣ ቴይለር ጄንኪንስም ከሜምፊስ ሲሰናበት 44 ለ 29። ሦስቱም አሸናፊ ቡድን ይዘው ነው የተባረሩት። ስለዚህ መጀመሪያ ማየት ያለብን የደመወዝ ደብተሩን ነው።

በኤንቢኤ የተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ አለው፣ የአሰልጣኝ ግን ከጣሪያው ጋር አይገናኝም። በ2024-25 ጣሪያው 140.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ «ሁለተኛው ኤፕረን» የሚባል ገደብ አለ፣ እሱም 188.9 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ይህን ያለፈ ቡድን እጁ ይታሰራል፦ የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ በአንድ ትልቅ ተጫዋች መለወጥ አይችልም፣ በዝውውር ላይ ጥሬ ገንዘብ መጨመር አይችልም፣ ነፃ ተጫዋች ለማስፈረም የሚያገለግለውንም ልዩ ፈቃድ ያጣል። አሰልጣኝ መለወጥ ግን ባለቤቱ ከኪሱ እስከከፈለ ድረስ ማንም አይከለክለውም። ቡድኑ ሲታሰር አሰልጣኙ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ፊኒክስን ተመልከቱ። ኬቨን ዱራንትን፣ ዴቪን ቡከርንና ብራድሊ ቢልን ይዞ ከሁለተኛው ኤፕረን በላይ ተሰቅሎ ነበር። በዚያ ላይ ቢል ያለ ፈቃዱ ወደ ሌላ ቡድን እንዳይላክ የሚከለክል ውል ነበረው። እናም የሚለወጠው አሰልጣኙ ብቻ ሆነ። ሞንቲ ዊሊያምስ ቢል ከመምጣቱ በፊት፣ በሜይ 2023፣ ተሰናብቶ ነበር። ፍራንክ ቮግል 49 ጨዋታ አሸንፎ በመጀመሪያው ዙር በሚኒሶታ 4 ለ 0 ሲወጣ በአንድ ዓመቱ ተሰናበተ። ማይክ ቡደንሆልዘር 36 ለ 46 ሲጨርስ መደበኛው ውድድር ባለቀ ማግስት፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2025፣ ተሰናበተ። ጆርደን ኦት በአራት ዓመት ውስጥ አራተኛው አሰልጣኝ ሆኖ ገባ። የእውነት የተፈታው ነገር ግን ዱራንት ወደ ሂውስተን ሲሄድና የቢል ውል ሲፈርስ ነው፤ ያ ሁሉ የሆነው በዚያው ክረምት ነው። እንደኔ ከኦት በፊት የነበሩት ሁለቱ ያለ ጥፋታቸው ነው የሄዱት።

ገንዘቡም ቢሆን የሚያስፈራ አይመስልም። ዊሊያምስ ከፊኒክስ ወጥቶ ከዲትሮይት ጋር የስድስት ዓመት፣ 78.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ፣ 14 ለ 68 ጨርሶ በአንድ ዓመቱ ተሰናበተ። የቀረው ገንዘብ ከ60 ሚሊዮን በላይ ነበር፣ ከፈሉት።

አሁን ወደ ኒክስ እንመለስ። በ2024 ክረምት ሚካል ብሪጅስን ከብሩክሊን ለማምጣት አምስት የአንደኛ ዙር ድራፍት ዕጣ፣ ማለትም አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን የመምረጥ መብት፣ ሰጡ። ካርል አንቶኒ ታውንስን ለማምጣት ደግሞ ጁሊየስ ራንድልንና ዳንቴ ዲቪንቼንዞን ላኩ። ለሚቀጥለው ዝውውር የሚሰጡት ብዙ ነገር አልቀራቸውም። የነበራቸው ቋሚ አምስት ብራንሰን፣ ብሪጅስ፣ ሃርት፣ አኑኖቢና ታውንስ ነበሩ፤ ቲቦዶም በመደበኛው ውድድር በሊጉ ካሉ አሰላለፎች ሁሉ በላይ ደቂቃ አብረው አጫወታቸው። ብሪጅስ በማርች ላይ ደቂቃው እንደበዛ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ደግሞ ያው አምስት ሜዳ ላይ እያለ ኒክስ ካስቆጠረው ይልቅ የተቆጠረበት በለጠ። ቲቦዶ አሰላለፉን የቀየረው በምሥራቅ ኮንፈረንስ ፍጻሜ በገዛ ሜዳው ሁለት ጊዜ በኢንዲያና ከተሸነፈ በኋላ፣ በሦስተኛው ጨዋታ፣ ሃርትን አስቀምጦ ሚቼል ሮቢንሰንን በማስገባት ነው። ያን ጨዋታ አሸነፈ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

የዚያን ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ያየ ሰው አይረሳውም። ሊያልቅ 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሲቀረው ኒክስ በ14 ነጥብ ይመራ ነበር። አሮን ኔስሚዝ በአራተኛው ኳርተር ብቻ ስድስት ባለ ሦስት ነጥብ አገባ። በመጨረሻው ሰከንድ ታይሪስ ሃሊበርተን የወረወራት ኳስ የቀለበቱን የኋላ ብረት መትታ ወደ ላይ ነጠረች፣ ከዚያ ቁልቁል መጥታ ገባች። ሃሊበርተን ያሸነፈ መስሎት ጨፈረ፤ ጫማው ግን መስመሩን ረግጦ ነበርና ሁለት ነጥብ ብቻ ተቆጠረለት፣ 125 ለ 125። በጭማሪው ሰዓት ኢንዲያና 138 ለ 135 አሸነፈ። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች የኒክስ ቋሚዎች እግር ከድቷቸው ነበር፤ ያ ድካም ከኦክቶበር ጀምሮ የተጠራቀመ ነው።

ኒክስ በስድስት ጨዋታ ተሸንፎ ሜይ 31 ወጣ፣ ጁን 3 ቲቦዶ ተሰናበተ። የፕሬዚዳንቱ የሊዮን ሮዝ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ተጫዋቾቹን መለወጥ አልችልም፣ አጠቃቀማቸውን ግን መለወጥ እችላለሁ። ውሳኔው ጨካኝ ነው፣ ነገር ግን መሠረት አለው። የምነቅፈው ሌላውን ነው፤ ምትክ ሳያዘጋጁ ማሰናበታቸውን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ደንብ አለ። በውል ላይ ያለን ዋና አሰልጣኝ የያዘው ቡድን ካልፈቀደ ማነጋገር እንኳ አይቻልም። ቡድኑ ከፈቀደ ካሳ ይጠይቃል። ዶክ ሪቨርስ በ2013 ከቦስተን ወደ ክሊፐርስ የሄደው በአንድ የአንደኛ ዙር ዕጣ ነው፤ ጄሰን ኪድ በ2014 ከብሩክሊን ወደ ሚልዋኪ የሄደው በሁለት የሁለተኛ ዙር ዕጣዎች ነው። ኒክስ በወቅቱ በዳላስ የነበረውን ይህንኑ ኪድን፣ በሂውስተን የነበረውን ኢሜ ኡዶካንና በሚኒሶታ የነበረውን ክሪስ ፊንችን ለማነጋገር ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ። አንድ ወር ያህል ከፈጀ ፍለጋ በኋላ በጁላይ ማይክ ብራውንን ቀጠረ። ረዳት አሰልጣኝ ሲሆን ነገሩ ይለያል፦ ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ሲጠራ እንዳይከለከል ልማዱ ያዛል። ኦት ከክሊቭላንድ ወደ ፊኒክስ ያለ ችግር የሄደው ለዚህ ነው።

ሌላው ብዙ የሚናገረው የስንብቱ ቀን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ የሚደረግ ስንብት ብዙውን ጊዜ ድንጋጤ ነው። ሳክራሜንቶ ዲሴምበር 27 ብራውንን ሲያሰናብት 13 ለ 18 ነበር፤ ከ16 ዓመት የፕሌይኦፍ ድርቅ ያወጣው እሱ ራሱ ነው፣ በ2023 የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝም ተብሏል። በዳግ ክሪስቲ ሥር 27 ለ 24 ተጫውተው 40 ለ 42 ጨረሱ፣ ከፕሌይኢን፣ ለፕሌይኦፍ ከሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ ወጡ። ማርች መጨረሻና ኤፕሪል ላይ የሚደረገው ግን በአስተዳደሩና በአሰልጣኙ መካከል የቆየ ቁርሾ ምልክት ነው። ዴንቨር ሦስት ጨዋታ ሲቀረው ማሎንን ያሰናበተው ከጄኔራል ማናጀሩ ካልቪን ቡዝ ጋር በአንድ ቀን ነው፤ የሁለቱ አለመግባባት ቡድኑን ከፍሎት ነበር። ከፕሌይኦፍ ማግስት የሚደረገው ደግሞ እንደ ኒክስ «ከዚህ በላይ አትወስደንም» ማለት ነው።

ሜምፊስ ለብቻው ይጠና። በ2024 ክረምት አስተዳደሩ አምስት የጄንኪንስን ረዳቶች አሰናብቶ አዲሶች አመጣ፤ ከእነሱ አንዱ ፓሪስን ይዞ የዩሮካፕ ዋንጫ ያነሳው ፊንላንዳዊው ቱኦማስ ኢሳሎ ነበር። ዘጠኝ ጨዋታ ሲቀር ጄንኪንስ ተሰናበተ፣ ኢሳሎ ቦታውን ያዘ። ስለዚህ ዋናው አሰልጣኝ ሳይሆን አስተዳደሩ ረዳቶችን ሲመርጥ ካያችሁ ምትኩ አጠገቡ ተቀምጧል ማለት ነው። በዚያ ክረምት ከተቀየሩት ስድስት ወንበሮች አራቱን የያዙት ከውስጥ ያደጉ ናቸው፦ ኢሳሎ፣ ክሪስቲ፣ በዴንቨር ዴቪድ አደልማን፣ በሳን አንቶኒዮ ሚች ጆንሰን። ከውጭ የመጡት ኦትና ብራውን ብቻ ናቸው። የሳን አንቶኒዮው ስንብት አይደለም። ግሬግ ፖፖቪች በኖቬምበር 2024 ስትሮክ ገጥሞት በሜይ 2025 በራሱ ለቀቀ፤ 29 የውድድር ዘመን፣ አምስት ዋንጫ፣ በመደበኛው ውድድር 1,422 ድል። እንዲህ ያለ ዘመን ዳግም ይመጣል ብዬ አላስብም።

በዓመቱ አጋማሽ የሚገባ አሰልጣኝ ለምን ብዙ አይለውጥም? 82 ጨዋታ በስድስት ወር ውስጥ ይታጨቃል፣ ሁለት ቀን በተከታታይ የሚጫወቱበትም ብዙ ነው። በመካከሉ ሙሉ ልምምድ የሚሠራበት ቀን እጅግ ጥቂት ነው። እናም አዲሱ ሰው የሚነካው ሁለት ነገር ነው፦ ማን ስንት ደቂቃ ይጫወት፣ በፒክ ኤንድ ሮል ላይ (አንድ አጥቂ የኳስ ያዡን ተከላካይ በሰውነቱ ሲጋርድ) ረጅሙ ተከላካይ ወደ ኋላ ይሽሽ ወይስ ከጓደኛው ጋር ሰው ይቀያየር። የማጥቃት ሥርዓት በአውሮፕላንና በሆቴል መካከል አይገነባም። ለዚያ የሚሆነው ክረምት ነው፣ እሱም አጭር ነው። ድራፍቱ በጁን መጨረሻ ነው፤ የነፃ ተጫዋቾች ገበያ ጁን 30 በኒውዮርክ ምሽት 12 ሰዓት፣ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይከፈታል፤ በጁላይ የላስ ቬጋስ የክረምት ሊግ አለ፤ የዝግጅት ካምፕ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይጀምራል። በጁላይ የተቀጠረ ሰው ድራፍቱም የገበያው መጀመሪያም አልፎታል፣ ጥሩ ረዳቶችም ቀድመው ተወስደዋል። ኒክስ በፍለጋ ያባከነው አንድ ወር ዋጋው ይህ ነው።

ክረምቱ በደንብ ከተሠራበት ግን ለውጡ ይታያል። ክሊቭላንድ በ2024 ጄ.ቢ. ቢከርስታፍን አሰናብቶ ኬኒ አትኪንሰንን ሲያመጣ ተጫዋቾቹ ከሞላ ጎደል እነዚያው ናቸው። ኳሱን አፈጠነው፣ ኤቫን ሞብሊ ኳስ ይዞ እንዲወስን ፈቀደለት፤ 15 ለ 0 ጀምሮ ከ48 ድል ወደ 64 ወጣ። የተባረረው ቢከርስታፍ ደግሞ ዲትሮይትን ከ14 ድል ወደ 44 አሳደገ፤ እዚያ ግን ቶቢያስ ሃሪስና ማሊክ ቢዝሊ ስለተጨመሩ ሁሉንም ለአሰልጣኙ መስጠት ትክክል አይሆንም። አንዱ ቤት የማይሆን ሰው ሌላው ቤት ይሆናል።

«ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ አይነካም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ከ2019 እስከ 2023 ዋንጫ ካነሱት አምስት አሰልጣኞች አራቱን፣ ኒክ ነርስን፣ ቮግልን፣ ቡደንሆልዘርንና ማሎንን፣ ያሰናበታቸው ራሱ ዋንጫ ያነሱበት ቡድን ነው። እስከ 2025 ክረምት የተረፈው የጎልደን ስቴቱ ስቲቭ ከር ነው። በ2025 ኢንዲያናን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ያነሳው የኦክላሆማ ሲቲ አሰልጣኝ ማርክ ዴግኖልት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤቱ 22 ለ 50 እና 24 ለ 58 ነበር። ከዚያ 40 ለ 42፣ 57 ለ 25፣ 68 ለ 14። ፊኒክስ ወይም ኒክስ ውስጥ ቢሆን ሦስተኛውን ዓመት አያይም ነበር። ኦክላሆማ የታገሰው ደመወዙ ያልተጫነበት፣ የድራፍት ዕጣ የሞላለት ወጣት ቡድን ስለነበረ ነው፤ ትዕግሥትም ቢሆን ከደብተሩ ነው የሚመጣው።

ብራውን ትክክለኛ ምርጫ መሆኑን ለማወቅ ለ2025-26 የመጀመሪያዎቹ 20 ጨዋታዎች የድል ቁጥሩን ተዉት። ብሪጅስና ሃርት ከ35 ደቂቃ በታች ወረዱ ወይ? በጁላይ የፈረሙት ጆርደን ክላርክሰንና ጌርሾን ያቡሴሌ በእያንዳንዱ አጋማሽ ይገቡ ነበር ወይስ ውጤቱ ከለየ በኋላ ብቻ? ብራውን በ2022-23 ሳክራሜንቶን የሊጉ ምርጥ አጥቂ ያደረገው ዶማንታስ ሳቦኒስን ከቅርጫቱ ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ ኳሱ በእሱ እጅ እንዲያልፍ፣ ሌሎቹ በዙሪያው እንዲሮጡ በማድረግ ነው። ታውንስ እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ኳስ ሲያከፋፍል ካያችሁ አዲሱ ሥርዓት ገብቷል። ብራንሰን 15 ሰከንድ ኳስ ሲያነጥር ሌሎቹ አራቱ ቆመው ካያችሁ ግን የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ኦክቶበር 22 ቀን 2025 ኒውዮርክ ላይ ከክሊቭላንድ ጋር ነበር፤ አዲስ አበባ ላለን ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት።