መልስ፦ የሆፒ የሸክላ ታይል እውነት የጥንት ነው?

ሰላም ወንድሜ። ከአሜሪካዋ ሳንታፌ ከተማ የገዛሃት ባለ ሥዕል የሆፒ ታይል «የሺህ ዓመት ባህል ናት» መባሏ እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ሆፒዎች በአሜሪካ አሪዞና የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ሸክላ ሥራው አዎ፣ ከሺህ ዓመትም ያልፋል። ታይሉ ግን ለገበያ መሠራት የጀመረው በፈረንጆቹ 1880ዎቹና 1890ዎቹ አካባቢ ነው።

ዋናው ምክንያት ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን አሪዞናን ሲያቋርጥ ገዢ መጣ። ትልቅ ማሰሮ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ታይል ግን ይገባል። ቶማስ ኪም የሚባል ነጋዴም የሆፒ ሴቶች ታይል እንዲሠሩለት ያበረታታ ነበር። ብዙዎቹ ላይ የካቺና ፊት ታያለህ። ካቺናዎች በሆፒዎች እምነት ዝናብ የሚያመጡ መናፍስት ናቸው።

ይህን ሰምተህ ግን «የቱሪስት ዕቃ ነው» ብለህ እንዳትንቃት። ሙያው ያው የእናቶቻቸው ሙያ ነው። ጭቃው በለስላሳ ድንጋይ ይወለወላል። ዩካ ከሚባል ተክል ቅጠል በተሠራ ብሩሽ ይሳልበታል። ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ተክል ቀቅለው ነው። ከዚያ ደጅ ላይ በደረቀ የበግ በጠጥ ይተኮሳል። ጠፍጣፋ ሸክላ እሳት ላይ ቶሎ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቀጥ ብሎ መውጣቱ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው! ፊቷ ላይ ብርቱካናማ ጥላ ካየህም እድፍ አይደለም፤ እሳቱ የተወው ነው።

እስቲ ገልብጣት። የሠሪዋ ስም ካለባት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራች መሆኗ አይቀርም፤ የመጀመሪያዎቹ ፊርማ አልነበራቸውም። አደራ፣ ውሃ ውስጥ እንዳትዘፈዝፋት። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጋት።