ኮርማዬ ልጄን ሊወጋ ነበር፤ ላኮላሸው ወይስ ልሽጠው?

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። «በእጃችን ያሳደግነው ዲቃላ ኮርማ አለን። ዘንድሮ ሦስት ዓመቱ ነው። ጥጃ ሳለ እንደ በግ የዋህ ነበር። አሁን አፈር እየጫረ ያጓራል። ባለፈው ሳምንት ውሃ ሊያጠጣው የገባውን ልጄን ከግድግዳ ሊያጣብቀው ነበር። ምን ነካው?»

እንኳን ልጅዎን አተረፈልዎ! ከዛሬ ጀምሮ ግን ልጁ እዚያ በረት ብቻውን አይግባ።

ኮርማዎ ጎርምሷል። ቆለጡ ቴስቶስትሮን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። አንገቱን የሚያደነድነው፣ ከሌላ ወንድ ጋር ግጠም ግጠም የሚያሰኘው እሱ ነው። አውራ ፍየልና ሙክት አብሮ ያረባ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ነገር ግን ሆርሞኑ ብቻውን አይደለም። መንጋ ውስጥ ያደገ ወይፈን ጉልበቱን የሚፈትነው ከእኩዮቹ ጋር ነው። ለብቻው ታስሮ፣ በባልዲ ወተት እየተሰጠው ያደገ ግን ሰውን እንደ እኩያው ያያል። ልጆች ጥጃውን ግንባሩን በመዳፋቸው እየገፉ ያጫውቱት ነበር? ብዙ ቤት አይቻለሁ። ጥጃው አንገቱን ደፍቶ መልሶ ይገፋል፣ ቤተሰቡ ይስቃል። ያኔ ክብደቱ ከ50 ኪሎ አይበልጥም። 400 ኪሎ ሲሆን ያው ጨዋታ ሰው ይገድላል።

ማኮላሸት ይረዳል። ሆርሞኑ ከደሙ ቶሎ ይወርዳል። የለመደው ጠባይ ግን አብሮ አይወርድም። ሳይጎረምስ ቢኮላሽ ይሻል ነበር። አሁንም አልረፈደም፤ ግን ከተኮላሸ በኋላም ለወራት እንደ ኮርማ ይጠንቀቁት። በድንጋይና በእንጨት መቀጥቀጥ ይቅር፣ ስቃዩ ከባድ ነው። የእንስሳት ሐኪም በማደንዘዣ ይሥራው።

እኔ ብሆን ለዘር አላስቀረውም። አንዴ ሰው ላይ የመጣ ኮርማ ይደግማል። ላሞችዎን በሰው ሠራሽ ዘዴ ያስዳቅሉ፤ እሱን አኮላሽተው፣ አደልበው ይሽጡት። ለገዢው ጠባዩን ይንገሩት።

እስከዚያው ሲገቡ ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ጎኑን ሰጥቶ ጀርባውን ካጎበጠ፣ አንገቱን ከደፋ፣ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይውጡ። አይምቱት፣ ጀርባዎንም አይስጡት።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቁጣው በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ እንዳይከቱ! ከሰውም ከከብትም ለይተው ወዲያው ሐኪም ይጥሩ። ለሃጩ የነካው ሰው ካለ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።