ያገለገለ የትሮለር ጀልባ የግንባታ ጥራት እንዴት ይመዘናል? ጥያቄና መልስ

ትሮለር የሚባለው የመዝናኛ ጀልባ ቅርጹን ከዓሣ አስጋሪ ጀልባ የወረሰ፣ ከባድና ዝግተኛ፣ በናፍጣ ሞተር እየተነዳ በትንሽ ነዳጅ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ታስቦ የሚሠራ ነው። ያገለገለውን ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የታወቀ ስም ያለው ጀልባ ከሆነ ስለ ግንባታው መጨነቅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል። ስም መነሻ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ ከተሠሩት ትሮለሮች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ሆነው ሳለ እንደየአስመጪው በተለያየ ስም ተሽጠዋል፤ የሥራቸው ጥራትም ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። ዝናው የጸናው ግራንድ ባንክስ የተባለው የትሮለር ሠሪ እንኳ እስከ እ.ኤ.አ. 1973 ድረስ ቀፎውን፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ዋና አካል፣ በእንጨት ይሠራ ነበር፤ ወደ ፋይበርግላስ (በሙጫ ወደተያያዘ የመስታወት ጭረት) የተሸጋገረው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ጀልባዎች ፈጽሞ የተለያየ ምርመራ ሊጠይቁ ይችላሉ። እኔ ማንኛውንም ጀልባ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሠሪው በጀልባው አካል ላይ ቀዳዳ በከፈተ ቁጥር ውሃ እንዳይገባበት ምን አደረገ?

ጥያቄ፦ የድሮ ጀልባዎች ቀፎ ወፍራም ስለሆነ ጠንካራ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ጥንካሬውን የሚሰጠው የመስታወት ጭረቱ ነው፤ ሙጫው ብቻውን ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ሙጫ የበዛበት ወፍራም ቀፎ፣ በጥንቃቄ ከተነጠፈ ቀጠን ያለ ቀፎ ሊያንስ ይችላል። ከውሃ መስመር በታች መሃሉ ሌላ ነገር የሌለበት ድፍን ፋይበርግላስ እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ግን በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ መኖሩ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ አካሉን ሳያከብድ ግትር ያደርገዋል። ችግር የሚመጣው ውሃ ወደ እንጨቱ ሲደርስ ነው።

ጥያቄ፦ የላይኛው ወለል እርጥበት መያዙን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ በእነዚህ ጀልባዎች ላይ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ይያዙና ወለሉን በየመዳፍ ስፋቱ ቀስ እያሉ ይምቱት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም ንጣፉ የተላቀቀው ድምፁ የታፈነ ነው። በተለይ የአጥር ምሰሶዎች፣ የገመድ ማሰሪያዎችና የመልሕቅ መጎተቻው በተተከሉባቸው ቦታዎች ዙሪያ ደጋግመው ይምቱ። ጥሩ ሠሪ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቡሎን ከማስገባቱ በፊት በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን እንጨት ፍቆ አውጥቶ ክፍተቱን ኤፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ይሞላል፣ ከዚያም በኤፖክሲው መሃል እንደገና ይበሳል፤ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። ቸኩሎ የሠራው ግን በእንጨቱ ውስጥ በቀጥታ በስቶ በማሸጊያ ብቻ ይዘጋዋል። ከውስጥ በኩል ገብተው የቡሎኑን ጫፍ ቢያዩት ሠሪው የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይገለጣል፤ ጭነቱን የሚያከፋፍል ሰፊ የብረት ሰሌዳ ከስሩ አለ ወይስ ትንሽ ቀለበት ብቻ?

ወለሉ በቪቴ በተያያዘ የቲክ ጣውላ ከተሸፈነ ደግሞ ጥንቃቄዎን እጥፍ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ቪቴ አንድ ቀዳዳ ነውና። የቪቴ መሸፈኛዎቹ ወልቀው ካዩ ወይም በጣውላዎቹ መካከል ያለው ጥቁር ማሸጊያ ከእንጨቱ ከለቀቀ፣ ከስሩ ያለው ክፍል እርጥብ ሊሆን እንደሚችል አስበው ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ በቀፎው ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች አየሁ። ልተወው?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይተዉት። ጥቂት ጥቃቅን እብጠቶች ፖሊስተር በተባለው ሙጫ በተሠራ አሮጌ ቀፎ ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ዋጋ ለመደራደር ይጠቅሙ ይሆናል እንጂ ጀልባውን ወዲያው አደጋ ላይ አይጥሉም። እብጠቱ ጥልቅ ሆኖ ንጣፎቹን ሲለያይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ታንኮቹ ለምን ይህን ያህል ይፈራሉ?

መልስ፦ በብዙዎቹ አሮጌ ትሮለሮች ላይ ታንኩ ተራ ብረት ሲሆን፣ የተቀመጠውም ከሞተሩ ጎን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝገት የሚጀምረው ከላይ ነው፤ በወለሉ ላይ ካለው የነዳጅ መሙያ አፍ ዙሪያ የሚሰርገው ውሃ ታንኩ ጣራ ላይ ይተኛል፣ ብረቱንም ቀስ እያለ ይበላዋል። ስለዚህ በባትሪ መብራትና በትንሽ መስታወት የታንኩን ጣራ ይዩ። አዲስ ቀለም ብቻ ካዩ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ። ታንኩን ለመቀየር ሞተሩን ማውጣት ወይም ታንኩን እዚያው ቆራርጦ ማውጣት ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ወጪው ከታንኩ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ብዙ ሰዓት ሠርቷል። ያሳስባል?

መልስ፦ በዝግታ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ረጅም ዕድሜ አለው፤ ለዓመታት ሳይነሳ ከቆመው ይልቅ አዘውትሮ የሠራው ይሻላል። ሲደርሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ፣ በፊትዎ ይነሳ። በባሕር ላይ ሙከራ አምራቹ የወሰነውን ከፍተኛ ዙር መድረስ አለበት። ዘይቱን በላቦራቶሪ ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ የአውሮፓ የ«ሀ» ምድብ ሰሌዳ ያለው ጀልባ በደንብ ተሠርቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ምድቡ የሚናገረው ጀልባው በቢዩፎርት መለኪያ ከ8 በላይ ለሆነ ነፋስና ከ4 ሜትር ለሚበልጥ ማዕበል መነደፉን ነው። የአንድን ሠራተኛ የእጅ ሥራ ወይም ከዚያ በኋላ ያለፉትን ዓመታት አይመሰክርም።

ጥያቄ፦ ጀልባው ውሃ ላይ እንዳለ ብመረምረው አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ ከውሃ ወጥቶ መታየት አለበት። ከውሃ መስመር በታች ያሉትን የውሃ መዝጊያ ቫልቮች አንድ በአንድ ይመልከቱ። ነሐስ ከሆኑ መልካም ነው። የቤት ቧንቧ ዓይነት የናስ ቫልቭ ግን የባሕር ውሃ ዚንኩን ስለሚያጥበው ይሰባበራል፤ ሲፍቁት ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሮዝ ካደላ ወዲያው መቀየር አለበት። በመጨረሻም ጀልባው በድጋፎች ላይ ቆሞ ሳለ የውስጥ በሮቹን ሁሉ ከፍተው ይዝጉ። ውሃ ላይ በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር አሁን ከተጣበቀ አካሉ እየተጣመመ ነውና፣ ከፋይ ግድግዳዎቹ ከቀፎው ጋር የተያያዙበትን የፋይበርግላስ መጋጠሚያ እየተከተሉ የተላቀቀበትን ቦታ ይፈልጉ።