ስማቸውን ሳናውቅ ያልረሳናቸው ሰዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ስሙን የማታውቁት ግን ስራው ከሃሳባችሁ ያልወጣ ሰው አለ ወይ?» ብለን ጠይቀን ነበር። ታሪክ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ግማሹ ጥያቄ ሆኖ መጣብን፣ አብዛኛው ደሞ ከሀዋሳ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሀዋሳ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስለሚበዛባት ይሆናል፣ በመኪና የሚያልፍ ሰው መቼም ምንም አያይም። አራቱን መርጫለሁ፣ አንዱ ተቆጥቶ የጻፈ ነው፣ እሱንም አልዘለልኩትም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባንክ ነው የምሰራው፣ ቤቴ አቶቴ ሰፈር ነው። ጠዋት ለስፖርት ብዬ ስወጣ ሁሌ መንገድ የሚጠርጉ አንድ እናት አገኛለሁ፣ እድሜያቸው የእናቴን ያህል ነው። የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ ጠርገው ሲጨርሱ ከአስፋልቱ ዳር ያለችውን የውሃ መውረጃ ጎንበስ ይሉና የተወተፈውን ቅጠልና ፌስታል በእጃቸው መዝዘው ያወጡታል። ማንም አላዘዛቸውም፣ በዛ ሰዓት የሚያይም የለም፣ ክረምት ላይ ግን ያቺ ቦታ ብቻ ውሃ አይተኛባትም። ጓደኞቼ ቪዲዮ እንቅረጻቸውና ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው ሰው ይርዳቸው ይላሉ፣ እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ብር ብሰጣቸውስ ቅር ይላቸው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ ልብሽ ልክ ነው፣ ቪዲዮው ይቅር። ሴትዮዋ እኮ ለማኝ አይደሉም ሰራተኛ ናቸው፣ በላባቸው ቤት የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው፣ አንቺ ለቅንነት ብለሽ የለቀቅሽው ቪዲዮ ስር ሺ ሰው «ምስኪን» «አንጀቴን በላችው» እያለ ሲጽፍ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሆነው ያነቡታል፣ ጎረቤት ያነባል፣ አማች ያነባል። «አስፈቅደናቸው ነው» ትሉኝ ይሆናል፣ ግን ስልክ ይዛችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ በጠዋት ከፊታቸው ስትቆሙ በአገራችን ወግ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቂዋለሽ አይደል?

ይልቅ ሰላም በያቸው። ዝም ብሎ «ደና አደሩ» ሳይሆን ቆም ብለሽ «እንደምን አደሩ እናቴ፣ ያበርታዎት» በይ፣ ስማቸውን ጠይቂ፣ ያንቺንም ንገሪ። ከዛ «ያቺን የውሃ መውረጃ ሲያጸዱ አያለሁ፣ ክረምት ላይ በሷ ምክንያት ነው በደረቅ እግር የምናልፈው» በያቸው። «ጎበዝ ነዎት» ብቻ ካልሽ ማንም ለማንም የሚለው ነው፣ የቱን ስራ እንዳየሽ ስትነግሪያቸው ግን ስራቸው የገባው ሰው እንዳለ ያውቃሉ።

ደሞ ያ ነገር ትልቅ ስራ ነው፣ እሳቸው አሳምረው ያውቁታል እኛ ነን የማናውቀው። ሀዋሳ ሜዳ ነች፣ ውሃው የሚሮጠው ወደ ሀይቁ ነው። የሀዋሳ ሀይቅ ደሞ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ ስለዚህ ጎርፍ ይዞት የገባ ፌስታልና ሃይላንድ በየት በኩል ይውጣ? እዛው ነው የሚቀረው። እሳቸው በእጃቸው መዝዘው ያወጡት ቆሻሻ አሳ ከምንበላበት ውሃ የቀረ ቆሻሻ ነው።

ብሩን በተመለከተ፣ እንደ ምጽዋት መንገድ ላይ አውጥተሽ አትስጪ። በዓል አለ አይደል? ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ «ለቡና ይሁንዎት» ብለሽ ጠቅልለሽ ብትሰጪ ማንም ቅር አይለውም፣ ዘመድም ለዘመድ የሚያደርገው ነው። ቡናና ስኳር ይዘሽ ብትሄጂም ያው ነው።

ከብሩ በላይ ግን ስራቸውን ብታቀልይላቸው ነው የምወደው። መንገድ የሚጠርግ ሰው ሳይነጋ የሚወጣው መኪና ከመብዛቱ በፊት ለመጨረስ ነው፣ አቧራውን በነጠላ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ ነው የሚውጠው። በጣም የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የጫት ገረባ። ከደረቀ እሺ፣ ዝናብ ከነካው አስፋልት ላይ ይለጠፋል፣ መጥረጊያ አያነሳውም፣ መፋቅ ነው። የሸንኮራ ልጣጩም እንደዛው። ከሁሉም የሚብሰው ደሞ ከየቤቱ ፌስታል ውስጥ ዝም ተብሎ የሚወረወር የተሰበረ ብርጭቆ፣ ምላጭና መርፌ ነው። ፌስታሉን ያነሳ እጅ ይቆረጣል፣ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ቴታነስ በቁስል በኩል ነው የሚገባው፣ ክትባት አለው ግን ተከትበው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ማነው? ስለዚህ ብርጭቆ ሲሰበር ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ በፕላስተር አሽጉት፣ መርፌና ምላጭ ክዳን ባለው ሃይላንድ ውስጥ ይግባ፣ ለሚያነሳው ሰውም «ይሄ ስለት አለበት» በሉት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቪዲዮ ካልቀረጽን ያሉት ጓደኞችሽም ይቺን ይጀምሯት።

የበዓል ሰሞንማ አይወራም። ሐምሌ 19 ገብርኤልን ሊያነግስ ከየአገሩ የመጣው ህዝብ ሲበተን፣ ወይ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ላይ ተከብሮ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ሜዳውና መንገዱ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ፍቼ በ2008 ዩኔስኮ ሲመዘግበው ሁላችን ኮራን፣ ደግ ነው፣ በማግስቱ ሜዳውን የሚጠርጉትን ግን የሚያነሳቸው የለም። በዓል ስትወጡ ፌስታል ይዛችሁ ውጡ፣ የጠጣችሁበትን ሃይላንድ ይዛችሁ ተመለሱ፣ ቁራሌው ይወስደዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ለሚያሰራቸው መስሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ጻፊ፣ ስማቸውንና የሚጠርጉበትን መንገድ ጠቅሰሽ፣ ማህደራቸው ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ግን እሳቸውን ጠይቂ፣ አለቃ ምን አይነት ሰው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጓንትና ቦት ጫማ እንደሚሰጣቸውም ጠይቂያቸውና ካልተሰጣቸው ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የአዳማ ሹፌር ነኝ። ልጆቼን ይዤ ሀዋሳ ሄጄ አሞራ ገደል አሳ ልናበላቸው ወሰድናቸው። አንድ ልጅ አሳውን እንዴት አድርጎ እንደሚበልተው ስናይ ሁላችን አፋችንን ከፍተን ቀረን፣ እስካሁን ልጆቼ እሱን ነው የሚያወሩት። ሂሳብ ላይ ግን ባለቤቴ «ለዚች ለዚች ይሄ ሁሉ?» ብላ ተከራከረች፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ኋላ መንገድ ላይ ደስ አላለኝም። ስንት ነው ተገቢው? ደሞ አጠገቡ አንድ ትንሽ ልጅም ይበልት ነበር፣ የልጄ እኩያ ይሆናል።

መልስ፦ ወንድሜ ዋጋው በየቀኑ ስለሚለያይ ይሄን ያህል ብዬ አልነግርህም፣ ግን «ለዚች ለዚች» የምትለዋ ቃል አልተዋጠችልኝም፣ ባለቤትህን አልነካሁም፣ ሁላችንም የምንላት ነገር ነች። ፈጥኖ የጨረሰው ስራው ትንሽ ስለሆነ አይደለም፣ እጁ ስለለመደ ነው። አንተ ሞክረው እስቲ!

በሚቀጥለው ስትሄድ ተጠጋና እጁን እይ። ቆሮሶውን (ቲላፒያ የሚባለውን አሳ) በጎኑ ያስተኛና ከጉንጩ ጀርባ ቢላውን እስከ አከርካሪው ያወርዳል፣ እዛ ጋ ቢላው ይተኛል፣ ከዛ አጥንቱን እየተከተለ ወደ ጭራው ይነዳዋል። ጆሮህን ብትሰጥ ጠር ጠር የሚል ድምፅ ትሰማለህ፣ ቢላው የጎን አጥንቱን እየነካ ነው፣ ድምፁ ካለ አጥንት ላይ የቀረ ስጋ የለም ማለት ነው። ይገለብጠዋል፣ ያንኛውም ጎን እንደዛው፣ ከዛ ቆዳውን ከጭራው በኩል ይዞ ከስጋው ይለየዋል። ጭንቅላትና አጥንቱን ዳር ቆመው ለሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ ለአባ ኮዳዎቹ ይወረውራል ወይ ለሾርባ የሚፈልግ ሰው ይወስደዋል። መዳፉን ያየህ እንደሆነ ጠባሳ በጠባሳ ነው፣ የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ እሾህ ነው፣ በደረቀ እጅ እንኳን ይወጋል ያ ደሞ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው እጁ።

እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ደሞ አሳ አጥማጁ አለ። መረቡን ማታ ጥሎ ሳይነጋ በጀልባ ሄዶ ነው የሚያወጣው፣ አሳውን አንድ በአንድ ከመረቡ ፈልቅቆ፣ ፀሀይ ስትወጣ ደሞ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ የተቀደደውን መረብ ይጠግናል። አንተ ልጆችህን ይዘህ ስትደርስ የሱ ቀን አልቋል፣ ስለዚህ ያላየኸውን ሰው ነው የበላኸው ማለት ይቻላል (ይቅርታ፣ አገላለጼ ጥሩ አይደለም ግን ገብቶሃል)።

ስለ ሂሳቡ፣ የአሳውን ዋጋና የመበለቻውን ለየብቻ አድርጋችሁ ቢላው ከመነሳቱ በፊት ተስማሙ። ቀድማችሁ ከተከራከራችሁ ንግድ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ከተሰራ በኋላ መከራከር ግን ልጁ የሰራውን መልሶ መስፋት አይችልምና ጉልበቱን መቀማት ነው። ጥቃቅኗን አሳ «ትጣፍጣለች» እያላችሁ አትጠይቁ ደሞ። የመረቡ አይን እየጠበበ የሚሄደው ገዢ ስላለ ነው፣ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታሳድግ እናት ነች፣ ሳትወልድ ከተያዘች ለከርሞ ምን ሊበለት ነው?

ትንሹ ልጅ ጋ እንምጣ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት ከ15 አመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፣ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሰራም። እዛ ያለ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አልቀጠረውም፣ ራሱን ነው የቀጠረው፣ ህጉም እዛ ጋ እጁ ያጥራል። እኔ የማደርገውን ልንገርህ፣ ስራውን ለትልቁ እሰጣለሁ፣ ትንሹን ግን አላባርረውም፣ ስንተኛ ክፍል ነህ፣ ፈረቃህ ጠዋት ነው ከሰዓት ብዬ አወራዋለሁ። ትምህርት ቤት መሆን በሚገባው ሰዓት ቢላ ለያዘ ልጅ «ጎበዝ!» ብሎ ማጨብጨብ ግን እኔ ደስ አይለኝም፣ ጎበዝ መሆኑ እውነት ቢሆንም።

ጥያቄ፦ እናንተ ጋዜጠኞች ድህነትን ማስዋብ ትወዳላችሁ። ጽዳት ሰራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ጀብሎ፣ ጉሊት፣ «ያልተዘመረላቸው ጀግኖች» ምናምን። ሰዉ የሚፈልገው ደሞዝ ነው፣ በናንተ አድናቆት ጤፍ አይገዛበትም። ለምን እሱን አትጽፉም? ከመናኸሪያ ሰፈር፣ የተናደደው።

መልስ፦ እውነትህን ነው፣ በተለይ ጤፏ ላይ። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ እኮ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ አዋጁ የወጣው በ2011 ነው፣ ከዛ ወዲህ ስንት አመት እንዳለፈ ልብ በልልኝ። «ጀግና» የምትለዋን ቃል እኔም አልወዳትም፣ ጀግና ከተባለ ደሞዝ የማይጨመርለት ይመስል።

ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ሰውየውን ድሃነቱን ብቻ ካየንለት ችሎታውን ነጠቅነው። የአቶቴዋ እናት የውሃ መውረጃዋን የሚያጸዱት ድሃ ስለሆኑ አይደለም፣ ውሃ በየት እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነው። እሱ እውቀት ነው፣ ደሞዝ ሲጠየቅም መጠየቅ ያለበት በእውቀታቸው ነው እንጂ በሚያሳዝን ፊታቸው መሆን የለበትም። ተናደህም ቢሆን ጻፍልን ደሞ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ የሰው ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከጎኔ ያለችውን አንድ ክፍል አብረው ሆነው የተከራዩ ልጆች ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሰሩት። ሳይነጋ ይወጣሉ፣ ሌላ ጊዜ ደሞ ማታ ሽፍት ይገባሉ፣ ስንገናኝ ሰላምታ ብቻ ነው። አከራያችን በር በጊዜ ስለሚዘጉ አንዳንዴ ውጪ ቆመው ሲያንኳኩ እሰማለሁ። ጥንካሬያቸው ይገርመኛል፣ ምን ላድርግላቸው?

መልስ፦ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ተመርቆ ሲከፈት ከየገጠሩ የመጡት ልጆች ብዙዎቹ እንደነሱ ናቸው፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት፣ ከደሞዙ ላይ ለቤተሰብ ይላካል። በ2014 አጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የማስገባቱ እድል ሲቋረጥና አንዳንድ ድርጅት ሲወጣ ብዙዎቹ ስራቸውን አጥተው ተመለሱ፣ የቀሩት ቀሩ። ስለዚህ ጎረቤቶችሽ የሚሄዱት ስራው ነገ ይኑር አይኑር ሳያውቁ ነው።

የበሩን ነገር ዛሬውኑ ጨርሺው። ለአከራይሽ «እማማ፣ አንድ ቁልፍ ይቀረጽላቸው፣ የማታ ሽፍታቸውን አውቀን እንጠብቃቸዋለን» በያቸው። ሌባ ነው የሚፈሩት፣ ፍርሃታቸውን አትናቂ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጽፈሽ በራቸው ላይ ብትለጥፊላቸው ግማሹ ስጋት ይቀላል። አንቺም ማታ ስታጠኚ የምታመሺ ከሆነ ሲያንኳኩ ክፈቺላቸው። ከማታ ሽፍት መጥተው ቀን ሲተኙ ደሞ ሙዚቃ ቀንሺ፣ ይሄ ለአንቺ ምንም አይደለም ለነሱ ግን የሌሊቱ እንቅልፍ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ሰፈር ከሆነ የሚመጣው እነሱ ስራ ላይ እያሉ ነው፣ ማታ ደክመው ሲገቡ ጀሪካኑ ባዶ። ጀሪካናቸውን ውጪ እንዲያስቀምጡልሽ ንገሪያቸውና ስትሞዪ የነሱንም ሙዪላቸው። የውሃ ሂሳቡን ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፣ ወር ሲደርስ እማማ ጋ ጸብ እንዳይነሳ።